ወደ ኋላ የዞረችው እንዝርት

ኑ ልጆቼ፣ ተጠጉ። እጃችሁ ግን ሥራ አይፍታ፤ ጥጡን እየፈለቀቃችሁ ስሙኝ። እኔ ልናገር፣ እናንተ ፈልቅቁ። ተረቱ ሲያልቅ ጥጡም ያልቃል። ይሁን በሉኛ!

እሺ። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ገንቦው በሚያኮርፍበት፣ ወንፊቱ ምስጢር አልይዝ በሚልበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን አንጓችን በእጇ ሥራ ያሳደገች፣ ብዙ የማትናገር፣ ሲቸግራት «እሱ ያውቃል» ብላ ቀና የምትል ሴት።

በዚህች ሴት ቤት እንዝርትና ወስፌ ይኖሩ ነበር። እንዝርትን ታውቋታላችሁ፤ ክብ ራስ ያላት ቀጭን እንጨት፣ ጭን ላይ ተሽከርክራ አየር ላይ እየሾረች ጥጡን ፈትል የምታደርግ። ወስፌም ያው ሹሉ ብረት ነው፣ እጀታው እንጨት፣ ሳር እየወጋ ስፌት የሚያሰፋ።

ሁለቱ ዓመቱን ተካፍለውታል። ክረምት የእንዝርት ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ጭቃው ከደጅ ሲያስቀር፣ ወይዘሮ ደብሪቱ እሳት ዳር ቁጭ ብላ እንዝርቷን ታነሣለች። ሐምሌ እንዝርት፣ ነሐሴ እንዝርት። ቆሎው ይንጣጣል፣ እመቤቷ ታንጎራጉራለች፣ እንዝርት ጭኗ ላይ ትሾራለች። ወስፌ ያን ጊዜ የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ዝም ነው።

መስከረም ሲጠባ፣ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ ተራው ይለወጣል። ሴቶቹ መስክ ወርደው ስንደዶና አክርማ ይዘው ይመጣሉ፤ ከፊሉን ቀይ፣ ከፊሉን አረንጓዴ፣ ከፊሉን ወይን ጠጅ ነክረው አለላ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ወስፌ ከስንጥቁ ይወጣል፣ እንዝርት ማገሩ ላይ ትሰካለች። ወርኃ ጽጌ የወስፌ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እንዝርት ትንሽ ብታኮርፍም ክረምት እስኪመጣ ትችለው ነበር። በዚያ ዓመት ግን አልቻለችም። ለምን? አንጓች ልታገባ ነዋ! ሠርጓ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተቆረጠ። ወይዘሮ ደብሪቱም «ልጄ ከቤቴ ስትወጣ የእጄን ሙዳይ ይዛ ትውጣ» አለችና ለጌጥ ማስቀመጫ የሚሆን ባለ ክዳን ሙዳይ መስፋት ጀመረች።

ሙዳዩ ገና ከመዳፍ ሳይሰፋ ጎረቤቷ ባንቻየሁ መጣች፤ ምላሷ ከወስፌ የሚሾል ሴት ናት። አገላብጣ አየችውና «ውይ ደብሪቱ! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው! ምን ዓይነት ጥበብ ነው? ይኼ ወስፌሽማ የተባረከ ነው!» አለች።

ወስፌ ደስ አለው፤ ብረቱ ብልጭ አለ።

እንዝርት ማገር ላይ ሆና ሰማች። ሆዷ ቅጥል አለ።

«የተባረከ!» አለች ለራሷ። «እኔ ስንት ክረምት ፈተልኩ? ጋቢው የማነው? ቀሚሱ የማነው? የኔ ፈትል አይደል? ግን ልቃቂቴ ሸማኔ ቤት ይሄዳል፣ ሸማ ሆኖ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ‹ይኼን የሠራ ሸማኔ ይባረክ› ይላል። ‹ይኼን የፈተለች እንዝርት› ያለ ሰው አለ? አንድ ሰው! እሱ ግን ሦስት ዙር ሳር ወጋግቶ ይባረካል!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣች። ወስፌ ሳሩን ሲበሳ «ጭር፣ ጭር» ይላል። እንዝርት ግን የሚበሳው የሷን ሆድ ይመስላታል።

አክርማ ደረቅ ከሆነ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ስለዚህ ወይዘሮ ደብሪቱ አፈ ሰፊ ቅል ውስጥ ውሃ ሞልታ ትነክረዋለች። እንዝርት ቅሏን ጠራቻት።

«ቅል፣ እህት ዓለም!»

«አቤት!»

«ያን ሁሉ ውሃና ሳር ታቅፈሽ ስትውዪ ስታድሪ አይከብድሽም?»

«ይከብደኛል እንጂ!»

«ታዲያ ሙዳዩ ሲያምር ስምሽን የሚያነሣ አለ?»

ቅል አሰበች። «የለም» አለች።

«እንግዲያው ዘንበል በይ። ትንሽ ብቻ።»

ቅል ዘንበል አለች፣ ውሃው ፈሰሰ። ጠዋት ወይዘሮ ደብሪቱ ብታየው ሳሩ ድርቅ ብሏል። አንዱን ብታጥፈው ቀጭ! ሌላውን ብታጥፈው ቀጭ! እንዝርት ማገሯ ላይ ሆና ሳቀች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልተቆጣችም። «እሱ ያውቃል» አለችና ሳሩን ሰብስባ ደጅ መስኩ ላይ ዘረጋችው። ጥቅምት ነው፤ ጤዛው ልብስ ያበሰብሳል። በማግስቱ ስታነሣው ሳሩ ከወትሮው ይልቅ ለስልሷል፣ ቀለሙም ፈክቷል። ወስፌ ቅቤ እንደሚወጋ ሰተት ብሎ ገባበት።

ባንቻየሁ መጣች። «ውይ ደብሪቱ! ቀለሙን ምን አድርገሽ አፈካሽው? ዓይን ይወጋል'ኮ!»

እንዝርት ሁለተኛ ተቃጠለች። አሁን ደግሞ አይጥን ጠራቻት።

«እመት አይጥ!»

«ማነው የጠራኝ? ድመት አለ?»

«ይኼ ቤት ድመት አያውቅም። ያ ሙዳይ ከምን እንደተሰፋ ታውቂያለሽ?»

«ከሳር ነዋ።»

«ሳሩ ከነፍሬው ነው የተሰፋው። መቀመጫው ሙሉ እህል ነው!»

አይጥ ጢሟን አንቀሳቀሰች። «ብትዋሺኝስ?»

«ብዋሽሽ ጥርስሽ ይሳላል፣ ምን ይቀርብሻል?»

አይጥ ሄደች፣ የሙዳዩን መቀመጫ ቀርጠፍ ቀርጠፍ አደረገችው። «ቱፍ! ሳር ብቻ! አንቺ ውሸታም!» ብላ ወደ ጉድጓዷ ገባች።

ሲነጋ መጀመሪያ ያየችው አንጓች ናት። «እማዬ! እማዬ፣ ሙዳዬን አይጥ በላው!» ብላ አለቀሰች።

«ተይ ልጄ» አለች እናቷ። «የተበላው መቀመጫው ነው፣ ፊቱ አይደለም። አምጪው እስቲ።»

ከሣጥኗ ውስጥ ከባሏ የዳዊት ማኅደር የተረፈች ቀይ ቆዳ አወጣች። በሙዳዩ ልክ ቆረጠቻት። ወስፌ ቆዳውን በሳው፣ እሷ ሰፋችው፤ ቀዳዳው ተሸፈነ።

ባንቻየሁ መጣች። «ውይ ደብሪቱ! ቆዳ ለበሰ! ከማኅደሩ ቆዳ ነው? በይ እንግዲህ፣ አባቷም ከልጁ ሠርግ አልቀረም!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሙዳዩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆዳውን በመዳፏ ስታሽ ቆየች።

እንዝርት ይኼን አየች። ስታይ ልቧ ሊራራ ትንሽ ቀረው፤ ግን ቅናቱ ቀደመው።

«ሌላ ሰው ከማዝ» አለች፣ «ራሴ ልነሣ።»

ኅዳር ገባ። ወይዘሮ ደብሪቱ ለሙሽራዋ ነጠላም ያስፈልጋታል። ለነጠላው ድሩ በክረምት ተፈትሎ አልቋል፤ ማጉ ቀርቷል። ድርና ማግ አንድ እንዳይመስሏችሁ። ድር ይወጠራል፣ ስለዚህ ጠበቅ ተደርጎ ይፈተላል። ማግ ግን በመካከሉ የሚተኛ ስለሆነ ለቀቅ፣ ለስለስ ማለት አለበት። ቤት ውስጥ የቀረው ጥጥ ለዚያች ማግ ብቻ የሚበቃ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ እንዝርትን ከማገሩ አወረደቻት፤ ጠዋት ጠዋት ትፈትላለች፣ ከሰዓት በኋላ ሙዳዩን ትሰፋለች።

እንዝርት ዓለሟን አየች። «አሁን ያዩኛል! እሱ ክዳኑን ሳይጨርስ እኔ ማጉን እጨርሳለሁ!» አለች። ሾረች። ጭን ስትነካ ሾረች፣ እጅ ሲለቃት ሾረች፣ «በቃሽ» ሲሏት ሾረች። ፈትሉ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ እንደ ጅማት ሆነ።

ወስፌ ከስፌቱ መካከል አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቀስ በይ እህቴ፤ ፈትሉ ጨነቀው'ኮ» አላት።

«አንተ ምን አገባህ? ሳር ወጊ!»

«እኔማ ሳር ነው የምወጋ። አንቺ ግን ማግ እንጂ ገመድ አይደለም የተባልሽው።»

«ስለቀድምህ ነው የሚያንገበግብህ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ፈትሉ ጣቶቿ ላይ ሲሻክር ተሰማት። ግን ያ ወቅት የውርጭ ወቅት ነው፤ ጠዋት ጠዋት እጅ ይደነዝዛል። «ዘንድሮ ውርጩ ጣቶቼን ጨረሳቸው» አለች እንጂ እንዝርቷን አልጠረጠረችም። ልቃቂቱን ሁሉ ጠቅልላ ለሸማኔው ለጋሽ ጠንክር ላከችለት።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ቀን፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ጋሽ ጠንክር ራሱ መጣ። ማጉን በቁና ይዞት ነው፤ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ መስሏል።

«ደህና ዋልሽ፣ ደብሪቱ።»

«ደህና ዋልህ። ምነው በደህና?»

«እህቴ፣ ስንት ዓመት ፈትልሽን ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይኼ ማግ አይደለም፣ ቂም ነው። ተመልከቺ።» አንድ ክንድ ፈትል መዝዞ ለቀቀው። ፈትሉ እንደ ትል ተጠማዘዘና ራሱን በራሱ አነቀ። «አየሽ? አልጋ ላይ እየተገላበጠ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ነው። ለሦስት ቀን እጠብቅሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ድር ይዞ ይመጣል፤ ያን ከዘረጋሁ ለጥር አልደርስልሽም።»

አንጓች ፊቷ ተለዋወጠ። ሌላ ጥጥ የለም። ነጠላው ካልደረሰ ከእናቷ ቤት በተውሶ ነጠላ ልትወጣ ነው።

ባንቻየሁ አልቀረችም። «ጥፋቱ የእንዝርቷ ነው፣ ጠማለች! እሳት ውስጥ ጨምሪያትና የኔን ውሰጂ። ደግሞ አሁኑኑ ጀምሪ፣ ነገንም ቢሆን ሥሪ።»

«ነገማ ገብርኤል ነው» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ለልጅ ሠርግ ነው'ኮ! እግዜር አያይም?»

«ስለሚያይ ነው» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ ቀስ ብላ። እንዝርቷንም እሳት ውስጥ አልጨመረቻትም፤ ከተተበተበው ፈትል ጋር ቁናው ውስጥ አስቀመጠቻት። በማግስቱ ማልዳ ከልጇ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳመች።

ቤቱ ለዕቃዎቹ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ያ ምስጢር የማይዝ ወንፊት አልቻለም። «እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ!» አለ። «ቅሏን ዘንበል በይ ያለቻት እሷ ናት! አይጧን የላከቻት እሷ ናት! ማጉንም ያነቀችው እሷ ናት!»

«እኔንም አታለለችኝ» አለች ቅል።

«እኔን እህል አለ ብላ ሳር አስግጣኛለች» አለች አይጥ ከጉድጓዷ።

ወስፌ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። «እውነት ነው?» አለ።

እንዝርት ፈትሉ ውስጥ ራሷን ሸጎጠች።

«አንቺ፣ እውነት ነው ወይ?»

«እውነት ነው።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም» አለች እንዝርት። «ምንም አላደረግኸኝም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። በድለኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ወስፌ ሊሰድባት አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋውና «ክረምት ክረምት እኔ ምን የምሠራ ይመስልሻል?» አላት።

«ምን ትሠራለህ? ትተኛለህ።»

«ስንጥቄ ውስጥ ሆኜ ስታንጎራጉርልሽ እሰማለሁ። እኔን ስትይዝ አንጎራጉራ ታውቃለች? አታውቅም። ጥለቱ እንዳይሳሳትባት ሳሩን ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አረንጓዴ። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ቁጥር ነው። በየመስከረሙ ዝጌ የምወጣው ከዝናቡ ነው ያልሽው?»

እንዝርት አፍጥጣ አየችው። «አንተም?»

«እኔም።»

«ታዲያ አንተ እኔን ልታጠፋ ለምን አላሰብህም?»

«አስቤ ነበር። ስንጥቁ አላስወጣ ብሎኝ ነው።»

እንዝርት ሳቀች፤ ከመስከረም ወዲህ በሌላው ጉዳት ያልሳቀችው የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ከዚያ ደግሞ «አሁን ምን ይሻላል? እኔስ እሳት ልግባ፤ ልጂቱ ምን አደረገች?» አለች።

«ቋጠሮውን እኔ እፈታዋለሁ» አላት ወስፌ። «ጫፌ ይችላል። ክሩ ውስጥ የገባውን ዙር ማውጣት ግን የኔ ሥራ አይደለም። ያን ያዞርሽው አንቺ ነሽ። ወደ ኋላ ዙሪ።»

«ወደ ኋላ? ዕቃ ሁሉ እያየኝ? ወደ ኋላ የዞረች እንዝርት ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ወስፌ። «አንቺም ክር ስታንቂ የመጀመሪያሽ ነው።»

ይኼን ብሎ ከመደቡ ተንከባለለና ቁናው ውስጥ ወደቀ፤ ተተብትቦ ከተኛው ፈትል መካከል ጫፉን ሰካ።

በገብርኤል ማግስት ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሥታ ጸሎቷን አደረሰች፣ ቁናውን አቀረበች። ስታይ ወስፌ ቋጠሮው ውስጥ ቆሟል። «አንተን ደግሞ ማን እዚህ ከተተህ?» አለች። ነቀል ስታደርገው አንድ ቋጠሮ አብሮት ላላ። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ አንጓችን ጠራችና አንዱን ጫፍ አስያዘቻት፤ እሷ በወስፌው ጫፍ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ሙዳዩ ክዳኑ ሳያልቅ ጥግ ተቀመጠ። ወስፌ ቀና ብሎ አየውና ወደ ቋጠሮው ተመለሰ።

የተፈታውን ፈትል እንዝርት ላይ አሰረችና ወደ ታች ለቀቀቻት። እንዝርት አየር ላይ ተንጠለጠለች። ቅል ታያለች፣ ወንፊት ያያል፣ አይጥ ከጉድጓዷ ጢሟን አውጥታ ታያለች። ለአንድ አፍታ ዝም ብላ ቆመች። በሕይወቷ ሁሉ የዞረችበት ወገን አንድ ነው፤ ሌላ አታውቅም።

ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች።

«ሂ ሂ ሂ!» አለች አይጥ። «እንዝርት ጃጀች! የኋሊት ትሄዳለች!»

እንዝርት መዞሯን ቀጠለች። አንዱ ዙር ስለ ቅሏ ውሃ፣ አንዱ ዙር ስለ ሙዳዩ መቀመጫ፣ አንዱ ዙር «ሳር ወጊ» ስላለችው። ዞረች፣ ዞረች። የታነቀው ፈትል ትንፋሽ እንዳገኘ ሰው ተላቀቀ።

«እንዴ!» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ። «አንጓች፣ ነይ እይ! ውርጭ አይደለም ለካ፤ አብዝተን አጥብቀነው ነው!»

ያን ቀን ሙሉ፣ በማግስቱም እስከ ቀትር ሲፈቱና ሲያላሉ ቆዩ። በዚያው በሦስተኛው ቀን ማጉ ጋሽ ጠንክር ደጅ ደረሰ። ጋሽ ጠንክር በሁለት ጣቱ አሻሸውና «ይኼ አሁን ማግ ሆነ» አለ። ድሩ ላይ አስገባው።

ጥር መጣ፣ ሠርጉ ደረሰ። ነጠላው ነጭ፣ ስስ፣ ትከሻ ላይ እንደ ጉም የሚያርፍ ሆነ። ሰው ሁሉ «ወይ ሸማኔ! እጁ ይባረክ!» አለ። ሙዳዩም ወጣ። ባንቻየሁ አገላብጣ አየችውና «ያምራል፣ ያምራል። ክዳኑ ጫፉ ላይ ግን ጥለት ጎደለው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ» አለች። ወስፌ ለዚያ ጥለት የሚሆኑትን ቀናት ያሳለፈው ቋጠሮ ሲፈታ ነበር። ማን ይንገራት?

አንጓች የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ተመረቀች፣ ሙዳዩን አቅፋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ከቤት ወጣች። እልልታው ራቀ። ጎረቤቱም ሙሽራ ሊሸኝ ሄደ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻዋን ተመልሳ ገባች። ቤቱ ሰፋባት። ወለሉ ላይ ወስፌው ወድቋል፣ አነሣችው። ቁናው ውስጥ እንዝርቷ አለች፣ አነሣቻት። ምንም ልትሠራ አይደለም፤ ዝም ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱንም ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። አላንጎራጎረችም፣ አልቆጠረችም።

«ሰማህ?» አለች እንዝርት በሹክሹክታ። «‹ሸማኔው ይባረክ› አሉ።»

«ሰማሁ። ‹ጥለት ጎደለው› ያሉትንስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ያቃጥላል?»

«ትንሽ። አንቺንስ?»

«ትንሽ።» አለች እንዝርት። «ጠበበብህ እንዴ? ልጠጋልህ?»

«አልጠበበኝም» አለ ወስፌ። «እንደዚሁ ሁኚ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ቅናት «እኔ አልቀናም» የሚለውንም አይምርም፤ እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ሲይዛችሁ ግን ያጠበቃችሁትን ራሳችሁ አላሉት፤ የኋሊት መዞር ቢሆንም፣ አይጥ ቆማ ብትስቅም። ያመሰገኑት ሁሉ ለእናንተ የሚገባውን ወስዶባችሁ አይደለም፤ ምናልባት እሱም ከስንጥቁ ሆኖ የናንተን እየሰማ ይሆናል።

የኔ ቃል እዚህ ላይ ቆመ። የሰማ ጆሮ ይለምልም፣ የተናገረ አፍ ውሃ ይጠጣ። በሉ፣ ጥጡን አሳዩኝ፤ ማነው ብዙ የፈለቀቀው? ... ተዉት፣ ተዉት፣ አልጠየቅሁም። ሁላችሁም ተባረኩ።